ቅቤና ተልባ በራሳችን ላይ



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጸጉር ነው። "ጸጉር ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው? ስለ እርሻና ስለ ከብት አትጽፉም ወይ?" የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም አስተማሪዎቹ መጀመሪያ እንደዚሁ ብለን ነበር። ኋላ ግን አንዲት ጎበዝ ተማሪያችን በጸጉሯ ምክንያት ከትምህርት ቀረች። ከዚያ ወዲያ ነገሩን እንደ ቀልድ ማየት ተውን።

የትምህርት ጣቢያችን ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አገሩ ደጋ ነው። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይነሣል። እንዲህ ባለ አገር ጸጉር ይደርቃል፤ ሲበጠርም እንደ ደረቀ ሣር ይሰበራል። የቦረና እናቶች ለዚህ መላ ካገኙ ቆይተዋል። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ በእጃቸው ያሹታል፤ ከዚያ ሹሩባ ይሠራሉ። አደስ የሚባለውን ቅጠል አድርቀውና ወቅጠው ከቅቤው ጋር የሚያዋሕዱም አሉ። ሽታው ደስ ይላል።

ይህች ተማሪያችን ግን ደሴ ያሉ ዘመዶቿ ዘንድ ልትሄድ ተነሥታ ነበር። ሥራ ካገኘች እዚያው ልትቀር አስባለች። "ከተማ ገብቼ ቅቤ ቅቤ ብሸት ይስቁብኛል" አለች። ገበያ ወርዳ አንድ ነጭ ቅባት ገዛች። ቅባቱ ከትልቅ ዕቃ እየተቀነሰ በትንሽ የላስቲክ ብልቃጥ የሚሸጥ ነው። ብልቃጡ ላይ ስም የለ፣ ቀን የለ፣ አንዲት ፊደል የለ። ልጅቱ ማንበብ ችላ ነበር። የሚነበብ ነገር ግን አልነበረም። ሻጩ "ጸጉር ያለሰልሳል፣ ቀጥ ያደርጋል" አላት። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም።

ማታ ተቀባችው። አቃጠላት። "መድኃኒት ሲሠራ ያቃጥላል" ብላ ጥርሷን ነክሳ ታገሠች። ሲብስባት በአንድ ጣሳ ውኃ ታጠበች። ውኃው ከወንዝ በጀርባ የመጣ ነውና አብዝታ ማፍሰሱ አሳዘናት። ጠዋት ስትነሣ ከግንባሯ በላይ ያለው ቆዳ ተልጧል፤ ጸጉሯም በእጇ እየተነቀለ መጣ። እናቷ ደንግጠው ቁስሉን በቅቤ ሞሉት። ከዚያ በኋላ ሻሽ አስራ ቤት ዋለች። ደሴም ቀረ፤ ትምህርትም ቀረ።

ቤቷ ድረስ ሄድን። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው ያናገረችን። "ሰሌዳ ፊት ወጥቼ ስጽፍ ሻሼ ቢወልቅስ?" አለች። መልስ አጣን። ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ግን ለመንናት። እሺ ብላ ሄደች፤ ታከመችም። ቁስሉ ቀስ እያለ ደረቀ። ወደ ክፍል ግን አልተመለሰችም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስረዳ። ጸጉር ቀጥ የሚያደርጉ ቅባቶች ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከኃይለኞቹ በብዙዎቹ ውስጥ ግን ሳሙና የሚሠራበት ነገር አለ። ስሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ገበያ ላይ ኮስቲክ ሶዳ ይሉታል። የአመድ ውኃ እጅ እንደሚልጥ ታውቃላችሁ። ይህ ከአመድ ውኃ እጅግ የባሰ ነው። የሚጠቀለል ጸጉር ቅርጹን የሚይዘው በውስጡ ባለ ማሰሪያ ነው። ቅባቱ ያንን ማሰሪያ ይፈታል፤ ጸጉሩም ይዘረጋል። ታዲያ ቅባቱ ጸጉርንና ቆዳን አይለይም። ቆዳ ካገኘ ቆዳውን ይበላል። ዓይን ከገባ ሊያሳውር ይችላል። በሠለጠነ እጅ፣ በሰዓት ተለክቶ፣ ብዙ ውኃ ባለበት ቦታ የሚደረግ ነገር ነው። በኩራዝ ብርሃን በአንድ ጣሳ ውኃ የሚሞከር አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር ቆዳ ካቃጠለ ወዲያው ንጹሕ ውኃ ማፍሰስ ነው። ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማፍሰስ፣ ከዚያም ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። እንስራው ቢያልቅ ይለቅ፤ ውኃ ተመልሶ ይቀዳል። ቁስሉ ላይ ቅቤ አይደረግም። ቅቤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል። እሳት ያቃጠለውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስንናገር ጉምጉምታ ተነሣ። በአካባቢያችን ለቃጠሎ ቅቤ የማያደርግ ቤት የለም ማለት ይቻላልና። እናቶቻችን አይቀየሙን።

የዚያን ዕለት ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ክርክር ተነሣ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንዲት እናት "ያን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? እንደ እናቶቿ ለጋ ቅቤ ብትቀባ ምን ትሆን ነበር?" አሉ። ከኋላ ልጅ አዝላ የተቀመጠች ሴት መለሰችላቸው።

"እትዬ፣ ለእርስዎ ቀላል ነው። እኔ ያለችኝ አንዲት ላም ናት። ቅቤው ይሸጥ? ለልጄ ይሁን? ወይስ አናቴ ላይ ላፍሰው?"

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቷን ነው። ቅቤ ለገበሬ ቤት ገንዘብ ነው። ጨው ይገዛል፤ ሳሙና ይገዛል፤ ለልጅ ደብተር ይሆናል። አሮጊቷም ቢሆኑ ነገሩ አልጠፋቸውም፤ "እሱስ ልክ ነሽ ልጄ" አሉ።

ከእኛ ከአስተማሪዎቹ አንዷ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች አብረዋት የሚያድሩ ተማሪዎች ተልባ አፍልተው ጸጉራቸውን ያስይዙ ነበር። ይህን ስታወራ ሴቶቹ ሳቁ። "ተልባ የሚጠጣ እንጂ የሚቀባ ነው እንዴ!" አሉ። ተልባ ግን ከጓሮ የሚገኝ፣ ከቅቤ ጋር ሲወዳደር ርካሽ የሆነ እህል ነው። እንሞክረው ተባለ።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፋሪ ነበር። ጥፋቱም የእኛ ነው። ከአንድ ቤት ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ ተቀብለን አፈላነው። ለመጠጥ ቢሆን ጥሩ ነበር። በነጠላ ልናጠልለው ብንል አልወርድ አለ። ግድ የለም ብለን እንደዚያው ቀባነው። ሲደርቅ ጸጉሩ ላይ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ቀረ። የአንዷ አስተማሪ ራስ ሦስት ቀን የተልባ ፍትፍት መስሎ ሰነበተ። ልጆች መንገድ ላይ እየተከተሉ ሳቁባት። ዝንብም ወደዳት። "ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁት ይህንን ነው?" ያሉንን አባት አንረሳቸውም።

ለሁለተኛው ሙከራ ያልተቆላና ያልተወቀጠ፣ ሙሉ ፍሬውን ያለ ተልባ ፈለግን። አሠራሩን እንደሚከተለው ሰሌዳ ላይ ጻፍነው፤ ተማሪዎቹም ወደ ደብተራቸው ገለበጡት።

1 ስኒ ተልባ ልቀሙ። አቧራውን አበጥሩ። 8 ስኒ ውኃ ጨምሩበት። ድስቱን እሳት ላይ ጣዱ። በእንጨት እያማሰላችሁ አፍሉት። ማማሰያውን ስታነሡት ፈሳሹ እንደ እንቁላል ነጩ እየተጎተተ ከወረደ ደርሷል፤ አውጡት። ሳይቀዘቅዝ በስስ ንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት።

"ሳይቀዘቅዝ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስምሩበት። ከቀዘቀዘ ከጨርቁ አይወርድም፤ ይህንንም ያወቅነው ተቸግረን ነው። ደግሞ በእኛ አገር ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል። በቆላ ውኃ ሲፈላ በጣም ይሞቃል። በከፍታ ቦታ ግን ውኃ ገና ያን ያህል ሳይሞቅ ይንተከተካል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በመካነ ሰላም ከፍታ ወደ 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ባቄላ በደጋ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተልባውም ከተንተከተከ በኋላ ወደ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

ተልባ ስትጠጡ ጉሮሮ ላይ ሙልጭልጭ የሚል ነገር አለ አይደል? እሱ ያለው በፍሬው ሽፋን ላይ ነው። በሙቅ ውኃ ይለቅቃል፤ ውኃውንም ያወፍረዋል። ጸጉር ላይ ሲደርቅ እንደ ስስ ልባስ ሆኖ ጸጉሩን በተሠራበት ቅርጽ ይይዘዋል። ፍሬው ከተወቀጠ ግን ዱቄቱ አብሮ ይወጣል። የእኛም ስሕተት ይኸው ነበር።

ስድስት ሴቶች ለሙከራ ተነሡ፤ አንዷ ከእኛ ናት። በመጀመሪያ ከጆሮ ኋላ ትንሽ ትንሽ ቀብተን እስከ ማግስቱ ጠበቅን። የሚያሳክክ፣ የሚቀላ፣ የሚያብጥ ካለ ያቺ ሴት ትቀራለች ብለን ነው። ከአገር የበቀለ ሁሉ ለሁሉም ይስማማል ማለት አይደለም። እንዶድ የአገር ተክል ነው፤ ዓይን ከገባ ግን ያስለቅሳል፤ ቢዋጥ ይመርዛል። ደግነቱ ተልባው ማንንም አላሳከከም።

ራሳቸውን በአንድ ዓይነት ሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ጸጉራቸው በወስፌ ከግንባር እስከ ማጅራት ለሁለት ተከፈለ። በቀኝ በኩል ለጋ ቅቤ፣ በግራ በኩል ተልባ ተቀቡ። ሹሩባቸውን የሠራችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እጅ እንዳይለያይ ነው። የሆነውን ሁሉ ለሁለት ሳምንት ሰሌዳ ላይ ጻፍን። "ቀ" ሲል ቅቤ ነው፤ "ተ" ሲል ተልባ ነው። በየቀኑ አንድ ተማሪ እየወጣ ይጽፋል። እነዚህን ሁለት ፊደሎች ከእንግዲህ የሚረሳ ተማሪ በክፍላችን የለም።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ቅቤውን ወደዱት። የቅቤው ወገን አብረቀረቀ፤ ለእጅም ለሰሰ። የተልባው ወገን ግን ሲደርቅ ደረቅ አለ፤ ሲነኩት እንደ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። አንዷ "ራሴ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የሰው መሰለኝ" አለች። በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ማሳ ዋሉ። ፀሐይ ሲበረታ ቅቤው ቀለጠ፤ በጆሯቸውና በአንገታቸው ወረደ፤ ነጠላቸውን አበላሸ። አቧራውም እዚያው ተጣበቀ። የተልባው ወገን አልወረደም፤ አቧራም እምብዛም አልያዘም። በአራተኛው ቀን ቅቤው መሻገት ጀመረ። አሮጊቷ እናት "ይህ እኮ የሴት ሽታ ነው፤ ምን ነውር አለው?" አሉ። ወጣቶቹ ግን ዝም አሉ። ዝምታቸው ገባን፤ የዚያች የቀረችው ልጅ ነገር ትዝ ብሏቸው ነው።

በሳምንቱ ደግሞ የተልባው ጉድ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች አብዝተው ተቀብተው ኖሮ ተልባው እየተፈረፈረ ፎረፎር መሰለ። ትከሻቸው ላይ ነጭ ነጭ ወረደ። ሌሎቹ አራቱ በጥቂቱ የተቀቡት ናቸው፤ እነሱ ምንም አልሆኑም። ሹሩባው በተልባው በኩል እስከ አሥረኛው ቀን እንደ ተሠራ ቆየ። በቅቤው በኩል ግን በስድስተኛው ቀን ላላ። ሲፈታ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በቅቤው በኩል ጸጉሩ በሚዶ ሲበጠር ሳይሰበር ወረደ። በተልባው በኩል ብዙ ስባሪ በሚዶው ላይ ቀረ።

እንግዲህ ሁለቱም አንድ ሥራ አይሠሩም ማለት ነው። ተልባ ቅርጽ ይይዛል። ቅቤ ጸጉርን ያለሰልሳል፤ እንዳይሰበር ይከላከላል። የራስ ቆዳችን ከውስጥ የራሱን ወዝ ያወጣል። ጸጉሩ የዘረጋ ሰው ወዙ እስከ ጫፍ ይወርድለታል። የእኛ ዓይነቱ የሚጠቀለል ጸጉር ላይ ግን ወዙ መንገዱ ጠመዝማዛ ነውና ከሥር ይቀራል። ጫፉ ይደርቃል። ቅቤ የሚያስፈልገውም ለዚያ ለጫፉ ነው። እኛ ግን ቅቤውን የምንጥለው አናት ላይ ነው!

ይህን ስንል አሮጊቷ አልተቀበሉንም። "አናቴ ላይ ካልተደረገልኝ ብርድ ይገባኛል። ተልባችሁም ራሴን አበረደኝ" አሉ። ስለ ብርዱ አልተከራከርናቸውም። በጠዋት ውርጭ እርጥብ ተልባ ራስ ላይ ማፍሰስ በእርግጥ አይመከርም። ቀን፣ ፀሐይ ሳለ ቢቀቡት ይሻላል።

በመጨረሻ ልጅ ያዘለችው ሴት መላውን አመጣች። በእርጥብ ጸጉሯ ላይ በመጀመሪያ በጣት ጫፍ የምትያዝ ቅቤ ወሰደች። በመዳፏ አቅልጣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ቀባች። ከዚያ በላዩ ተልባውን አደረገች። ሹሩባዋ ያዘ፤ ሲፈታም ብዙ አልተሰበረም። የወጣው ቅቤ ደግሞ ድሮ ታወጣው ከነበረው ጥቂቱ ነው። ቀሪው ለልጁ ተረፈ። ይህ የእሷ ግኝት ነው፤ የእኛ አይደለም።

"ጸጉር ያሳድጋል ወይ?" ብለው የጠየቁን ብዙ ናቸው። ቅቤም ሆነ ተልባ ጸጉር አያሳድግም። ከቆዳ በላይ ያለው ጸጉር ሕይወት የለውም፤ ሲቆረጥ የማያምመንም ለዚያ ነው። ሕይወት ያለው ከቆዳ ሥር ያለው ሥሩ ነው። እሱም በወር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ቅቤ ያሳደገ የሚመስለን የበቀለው ሳይሰበር ስለሚቆይ ነው። አንዳንድ እናት ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ጸጉሯ በብዛት ይረግፍና ትደነግጣለች። እሱ የተለመደ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ሹሩባ ሲጠብቅ ግን ሌላ ነው። ከግንባር በላይ ዓይን እስኪያፈጥ ድረስ የሚጎተት ሹሩባ ሥሩን ይጎዳል። ቶሎ ቶሎ ከተደጋገመ ቦታው ራሰ በራ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የትንንሽ ልጆችን ሹሩባ አላሉት።

በዚህ መሐል ወንዶቹ ተሰላቹ። አንድ ጎልማሳ "ይህ የሴት ጣጣ ነው፤ እኛ ስለ ማዳበሪያ እንማር" አሉ። እኛም "ጋሼ፣ አጼ ቴዎድሮስ ሹሩባ እንደ ነበራቸው ያውቃሉ?" አልናቸው። ያውቁ ነበር። የማያውቁትን ግን ነገርናቸው። አጼ ቴዎድሮስ በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ እንግሊዞች ከጸጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ጸጉሩ በኋላ ለንደን ከተማ ባለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀመጠ። ለኢትዮጵያ የተመለሰው መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ስንት ዓመት እንደሆነ እንዲያሰሉ ሰውየውን ሰሌዳ ፊት አወጣናቸው። 2011 ሲቀነስ 1860፤ 151 ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲያ "የሴት ጣጣ" ማለት ቀረ።

ቅባትም ቢሆን የሴት ብቻ አይደለም። የአፋር ወንዶች ጸጉራቸውን ቅቤ ይቀባሉ። በደቡብ ያሉ የሐመር ሴቶች ቅቤን ከቀይ አፈር ጋር አዋሕደው ጸጉራቸውን ያስይዛሉ። በግብጽ አገር ከ2,000 ዓመት በላይ የቆዩ የደረቁ አስከሬኖች ጸጉር ላይ ስብ ያለው ቅባት እንደ ነበረ ሊቃውንት መርምረው በፈረንጆች 2011 አሳትመዋል። ቅባቱ ጸጉሩ ቅርጹን እንዲይዝ የተደረገ ነው ይላሉ። የመካነ ሰላም እናቶች ብቻቸውን አይደሉም።

ለወንዶችም ለሴቶችም የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ ቶሎ ብለን እንለፈው። ቆረቆር በቅቤም በተልባም አይድንም። ቆረቆር በምላጭ፣ በሚዶና በሻሽ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ጤና ጣቢያ የሚሰጥ የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ ለሳምንታት ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል። ቅማልንም ቅቤ ይገድለዋል ብላችሁ አትመኑ። የልብስ ቅማል ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ልብስን በፈላ ውኃ መቀቀል ነው። ሚዶ ለየራስ ይሁን። ወደ ዓባይ በረሃ በኩል ቆላ የምትኖሩ፣ ሳሙና ሲጠፋ የቁርቁራን ቅጠል ወቅጣችሁ ራሳችሁን እንደምትታጠቡበት ሰምተናል። ጥሩ ልማድ ነው። ዓይናችሁን ግን ጨፍኑ።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንመለስ። ከሱቅ የሚገዛ ቅባት ሁሉ መጥፎ ነው አንልም። እኛም እንገዛለን። ነገር ግን ስትገዙ ዕቃውን አገላብጡት። ጽሑፍ የሌለውን አትግዙ። ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ የሚሸጠውን አትግዙ። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ከሆነ ማንበብ ላትችሉ ትችላላችሁ፤ ቁጥሩን ግን ተምራችኋል። ቁጥሩን ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀን ተጽፎ ታገኛላችሁ። ፊተኛው የተሠራበት ነው፤ ኋለኛው የሚያበቃበት ነው። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነውና ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል። ለምሳሌ 2027 ቢል፣ እስከ ነሐሴ ድረስ በእኛ 2019 ነው፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ደግሞ 2020 ነው። ይህን ልክ እንደ ጤፍ ሚዛን ልመዱት። ነጋዴው ሲቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። "ስንት ደቂቃ ይቆያል? ቆዳ ይንካ አይንካ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ብራችሁን ወደ መቀነታችሁ መልሱ።

የሙከራው ሁለት ሳምንት ሲያልቅ ልጅ ያዘለችው ሴትና አሮጊቷ እናት ሆነው ወደዚያች ልጅ ቤት ሄዱ። እኛን አላስከተሉም። "እናንተ ብትመጡ ታፍራለች" አሉን። ምን እንዳሏት አናውቅም። በተልባ የተለሰለሰ ሹሩባ ከተረፈው ጸጉሯ እንደ ሠሩላት፣ የሳሳውን ቦታም ዘለግ ያለውን ጸጉር አጋድመው እንደ ሸፈኑላት ግን በኋላ አየን። አልጎተቱትም፤ አላልተው ነው የሠሩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ክፍል ገባች። ሻሿን አላወለቀችም፤ ወደ ኋላ ሸሸት አድርጋው ነበር። ማንም ምንም አላለም። አሮጊቷ ብቻ ከጎናቸው ገለል ብለው ቦታ ሰጧት። በእጇ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጥታለች። ያችው የድሮዋ ብልቃጥ መስላን ደነገጥን። ሌላ ናት፤ ያችኛዋን እናቷ ጉድጓድ ቆፍረው ቀብረዋታል። በአዲሷ ብልቃጥ ውስጥ ራሷ ያፈላችው ተልባ አለ። ተልባ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ እንደማይቆይ፣ ከዚያም እንደሚኮመጥጥ ነግረናት አናውቅም፤ ከሴቶቹ ሰምታ ኖሯል። ብልቃጡ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፋ በእርሳስ እንዲህ ጽፋበታለች።

ተልባ። ማክሰኞ ተፈላ። ዓርብ ይደፈ።

"ይደፋ" ለማለት ነው። "ፋ"ን አሳየናት። አጠፋችና እንደገና ጻፈችው።